ጌታው የእኛ ሰው ሲሆን

በምኖርበት በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ ዱክ ጎዳና ላይ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ባሪያ ነጋዴዎች ሰው አጉረው ወደ ደቡብ ይልኩበት የነበረ ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ሐበሻ ሲጎበኘው እንባው ይመጣል። እኔም አልቅሻለሁ። ግን ገዢም ሻጭም ሌላ ሰው በሆነበት ታሪክ ማልቀስ ምን ይከብዳል?

የከበደኝ የኤድዋርድ ፒ ጆንስ «ዘ ኖውን ወርልድ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ፣ በዚሁ በቨርጂኒያ የሚካሄድ ልብ ወለድ። ሄንሪ ታውንሴንድ ጥቁር ነው፤ በባርነት ተወልዶ አባቱ ለፍቶ ባጠራቀመው ገንዘብ ነፃ የወጣ። ይኸው ሰው ኋላ ባሪያ ይገዛል። ከነጮቹ የተሻለ፣ ደግ ጌታ እሆናለሁ ብሎም ያስባል። አንባቢ የሚጠላውን ሰው ሲፈልግ የሚያዝንለትን ሰው ያገኛል፤ ማዘኑ ደግሞ ከፍርድ አያድነውም።

መጽሐፉ ጎንደርን አስታወሰኝ። አዘዞ ያሉ አክስቴ ቡና እያፈሉ፣ አያታቸው ሲዳሩ አብራ ስለተሰጠች ሴት አጫውተውኛል። «እንደ ልጅ ነበር የያዟት፤ ከአንድ መሶብ ትበላ ነበር» አሉኝ፣ በፍቅር። መሄድ ብትፈልግ ይለቋት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ወዴት ትሄዳለች ልጄ? አገሯን አታውቀው! በሕፃንነቷ ነው የመጣች።» ደግነቱም እውነት ነው፤ ከእናቷ ጉያ መነጠቋም እውነት ነው። አክስቴ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ሲነግሩኝ አልተጋጨባቸውም።

ፍትሐ ነገሥታችንም እንዲሁ ነው፦ ሰው በተፈጥሮው ነፃ ነው ብሎ፣ በጦርነት የተማረከ ባሪያ እንዲሆን ይፈቅዳል። ከደቡብ የተነዱ ሰዎች በጎንደር አልፈው ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ተሸጠዋል። ቴዎድሮስ ንግዱን ከለከሉ፤ በ1916 ዓ.ም. አዋጅ ወጣ፤ ሙሉ በሙሉ የከለከለው ሕግ ግን የመጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሩቅ ዘመን አይደለም። በፋሲል ግቢ ያስጎበኘኝ ወጣት የነገሥታቱን ግብር በሚያምር አንደበት ተረከልኝ፤ ጠላውን ስለጠመቁት፣ ውኃውን ስለቀዱት እጆች ግን ምንም አላለም።

ልብ ወለዳችንም ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ በታተመው በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ፣ በአማርኛ የመጀመሪያው በሚባለው፣ ባርነት አለ፤ ተማርኮ የሚሸጠው ግን የክርስቲያን የጦር አለቃ ነው። የምናዝነው ለተሸጠው የእኛ ሰው ነው። እኛ የገዛነውስ?

ከጎንደር ደራሲ አንድ መጽሐፍ እመኛለሁ። እመቤቷ ጿሚ፣ መጽዋች፣ በሰፈሩ የምትወደድ ትሁን። የ1934ቱ አዋጅ ሲነገር አገልጋይዋ እዚያው ቤት ትቅር፤ ለምን እንደቀረች ግን ደራሲው እመቤቷን ሳይሆን እርሷን ያናግር፣ በገዛ አንደበቷ፣ ረዘም አድርጎ።