ጋቢው ምን አጠፋ?

አዲስ አበባ የሚኖሩ የሰሜን ሸዋ ልጆች ያቋቋሙት፣ እኔም በየወሩ መዋጮ የምከፍልበት አንድ የተወላጆች ማኅበር ባለፈው እሑድ ተሰብስቦ፣ በየዓመቱ ለአረጋውያን አባቶች ይሰጥ የነበረው ጋቢ ዘንድሮ እንዲቀር ወስኗል። በምትኩ አባቶቹ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ መጥተው አንድነት ፓርክንና እንጦጦ ፓርክን ይጎበኛሉ፤ ከዚያም ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ያድራሉ። ጉዞው ዓርብ ተጀምሮ ሰኞ የሚያበቃ ሲሆን፣ በመካከሉ ያለው እሑድ ፈረንጆች የአባቶች ቀን ብለው የሚያከብሩት ሦስተኛው የጁን እሑድ ነው። ሐሳቡን ያቀረበው ወንድማችን ምክንያቱን በአራት ቃል ጨረሰው፤ «ዕቃ ያልቃል፣ ትዝታ አያልቅም»። አዳራሹ አጨበጨበ። በተቃውሞ እጃችንን ያወጣነው ሦስት ሰዎች ብቻ ስለሆንንና የመናገሪያ ጊዜም ስላልተሰጠን፣ ያን ዕለት ያልተናገርኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ትዝታ አያልቅም የሚል ሰው ከሽማግሌ ጋር አንድ ቤት ሰንብቶ አያውቅም። አባቴ በ1966 ዓ.ም. በመንደራችን ማን ምን እንዳለ ከነአባት ስሙ እየጠሩ ይተርካሉ፤ ጊደሯ መታሰሯን ግን በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። ዕድሜ ወደ ሰማንያ ሲጠጋ አዲስ ትዝታ የሚቀመጥበት ስፍራ ይጠባል። ባለፈው ዓመት ለሕክምና መጥተው ያደሩበትን ሆቴል አሁን «የማን ቤት ነበር?» ይሉኛል። ትከሻቸው ላይ ያለው ጋቢ ግን ልጄ ክርስትና ስትነሣ የተሰጣቸው ነው፤ ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ጫፉ ሁለት ጊዜ ተጠግኗል፣ በእንዶድ ስንት ጊዜ እንደታጠበ የሚያውቀው የለም፣ ዛሬም ያሞቃል። ከሁለቱ የትኛው እንዳለቀ ወንድማችን ይንገረኝ።

«ጥናትም ያረጋገጠው ነው» ተብሏል። የትኛው ጥናት እንደሆነ አልተነገረንም። ብዙዎች የሚጠቅሱት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሊፍ ቫን ቦቨንና ቶማስ ጊሎቪች ጉዞና መዝናኛ ከዕቃ አብልጦ ያስደስታል ብለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ያሳተሙትን ነው፤ እነርሱ የመረመሩት ግን ሰው በገዛ ገንዘቡ ለራሱ ደስታ የገዛውን እንጂ ልጅ ለአባቱ የሰጠውን አልነበረም። ጄኮብ ሊ፣ ዴቦራ ሆልና ዌንዲ ውድ ደግሞ በዚያው አቆጣጠር በ2018 ባወጡት ጥናት ጉዞና መዝናኛ ከዕቃ አብልጦ የሚያስደስተው ኑሮው የተደላደለውን ሰው እንደሆነ፣ ኑሮው ዝቅ ያለው ግን ከዕቃ የሚያገኘው ደስታ ከዚያ እንደማያንስ፣ አንዳንዴም እንደሚበልጥ አሳይተዋል። እርግጥ ይህን ለመረዳት ጥናት ማገላበጥ አያስፈልግም፤ በኅዳር ውርጭ ከንጋቱ በፊት ደብረ ብርሃን ጠባሴ ቆሞ መኪና መጠበቅ ይበቃል።

ከአባቶች ቀን ጋር ጠብ የለኝም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 ስፖኬን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ሶኖራ ስማርት ዶድ ስትጀምረው፣ ስድስት ልጆችን ያለ እናት ያሳደገ አባቷን ልታከብር ነበር፤ ደግ አድርጋለች። ነገር ግን ያ እሑድ በእኛ አቆጣጠር ምንጊዜም ከሰኔ 8 እስከ ሰኔ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ይውላል። ሰኔ ለተጉለት ገበሬ ምን እንደሆነ ከበሬ ጭራ ሥር ያደጉ የማኅበሩ አባላት ሊጠፋቸው አይገባም ነበር። ባቄላው የሚዘራበት፣ ማሳው ተደጋግሞ የሚታረስበት፣ ዝናቡ ፋታ የሰጠባት ግማሽ ቀን የምትሰሰትበት ወር ነው። ገበሬን በሰኔ አራት ቀን ከማሳው የሚያነሣው ሞት ወይም የፍርድ ቤት መጥሪያ ብቻ ነበር፤ አሁን ማኅበራችን ተጨመረ። ወቅቱ አብዛኛውን ጊዜ የሰኔ ጾም ስለሆነ፣ ለአባቶች ተመርጧል የተባለው ክትፎም ለአስጎብኚዎቹ ይተርፋል። (የመንገዱን ነገር አላነሣም፤ አንባቢ ያውቀዋል።)

እኔም ብሆን ከዚህ ስሕተት ንጹሕ አይደለሁም። ከሦስት ዓመት በፊት ከወንድሞቼ ጋር አዋጥተን አባታችንን ሐይቅ ዳር ወዳለ አንድ ማረፊያ ወስደናቸው ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ባዶ ሳህን አስይዘን ቡፌው ፊት አሰለፍናቸው። በቤታቸው እጃቸውን ታናሽ አስታጥቧቸው፣ መሶቡ ቀርቦላቸው፣ ባርከው የሚቆርሱ ሰው ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከፊታቸው ቁምጣ ለብሶ የቆመውን ወጣት ጀርባ ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዘወር ብለው «ልጄ፣ የዘይት ነው የስኳር?» አሉኝ። የቀበሌ ወረፋ መስሏቸው ይሁን ሊወጉኝ ፈልገው፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። ከሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድሜ ሐይቁ ዳር እያስቆመ ፎቶ ሲያነሣቸው ዋለ። ፎቶዎቹ ያሉት በእርሱ ስልክ ውስጥ ነው። «ትዝታ ሰጠናቸው» ብለን ያወራነውን ትዝታ ይዘን የተመለስነው እኛው ነን።

የእኔ ክርክር እንግዲህ ይህ ነው፤ ስጦታ ማለት ተቀባዩ የሚያዝዝበት ነገር ነው። ጋቢ የተሰጠው አባት በጋቢው ያዝዛል። ለብሶት ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ተከናንቦት ለሽምግልና ይቀመጣል፣ የመሸበትን እንግዳ ያለብሰዋል፣ የልጅ ልጁን ጠቅልሎ ያስተኛበታል፣ ሕመምተኛ በቃሬዛ ሲወጣ አውልቆ ይደርብለታል። ሲፈልግም ይሰጠዋል። አባቴ ማኅበሩ ካቻምና ያበረከተላቸውን ጋቢ አንድ ቀን እንኳ ሳይለብሱት ለሚያገባው ለጎረቤታችን ልጅ ሰጡት፤ እኛ ስንቆጣ «የእኔ አይደለም እንዴ?» አሉን። መልስ አልነበረንም፤ የእሳቸው ነበራ! በጉብኝት ላይ ግን አባት የሚያዝዝበት አንዳች ነገር የለም። ተነሡ ሲሉት ይነሣል፣ ይህን እዩ ሲሉት ያያል፣ ወደዚህ ዞር በሉ ሲሉት ለካሜራው ይዞራል፣ ሲበቃ አውቶቡስ ውስጥ ይገባል። ከተጓዘው ለማንም ቆርሶ ሊሰጥ፣ ለማንም ሊያወርስ አይችልም። ዕድሜውን በሙሉ ሲሰጥ የኖረን ሰው መስጠት የማይችለውን ነገር ሰጥቶ ማመስገን እጁን እንደማሰር ነው። ጋቢውም ቢሆን ከሰማይ የወረደ ዕቃ አይደለም። ባዘቶውን በእንዝርት የፈተሉት ሴቶች፣ ድርና ማጉን አገናኝቶ አራት እጥፍ አድርጎ ያወጣው ሸማኔ፣ ቅዝቃዜው የጸናባቸው የመንዝ ሰዎች ከበግ ጠጉር የሚሠሩት ባናና ዝተት፣ ይህ ሁሉ የእኛው አገር ሰው እንጀራ ነው። ዘንድሮ ያ ገንዘብ ቢሾፍቱ ላይ ለአልጋ ይከፈላል።

አንድ ነገር ብቻ እቀበላለሁ። አምና ጥር ላይ አባቴ ራሳቸው ጠይቀው፣ ቀኑንም ራሳቸው ቆርጠው ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ወስደናቸው ነበር፤ ያ ጉዞ እንደ ስጦታ ይቆጠር ቢባል አልከራከርም። ግን እዚያ ያዘዙት እሳቸው ነበሩ፤ በሌሊት የቀሰቀሱን እሳቸው፣ ጾማችንን እንድንውል ያደረጉን እሳቸው፣ በቃ እንመለስ ያሉትም እሳቸው። ማኅበሩ እንዲህ ዓይነት ጉዞ ካሰበ አባቶችን ይጠይቅ፤ እስካሁን አንዳቸውም አልተጠየቁም። አብሮ መዋልን ልንሰጣቸው የምንፈልግ ልጆች ካለንም፣ ሰኔ ውስጥ አውቶቡሱን በተቃራኒው አቅጣጫ ተሳፍረን ሄደን ዘር እናቀብል።

የቀረው የሒሳብ ጉዳይ ነው። ለዘንድሮዎቹ ጋቢዎች ደብረ ብርሃን ላሉ ሸማኔዎች በጥር ወር ቀብድ ተከፍሏል፤ ደረሰኙን በዓይኔ አይቻለሁ። ውሳኔው ሲተላለፍ ይህን ያነሣ ሰው አልነበረም። ጋቢዎቹ ተሠርተው ከሆነ ለማን እንደሚሰጡ፣ ካልተሠሩም ለሸማኔዎቹ ማን ሄዶ ምን እንደሚላቸው ሥራ አስፈጻሚው በሚቀጥለው ስብሰባ ያስረዳን። የአባቴን ወንበር ግን ለሌላ ሰው መስጠት ይቻላል፤ ዓርብ ጠዋት አውቶቡሱ ሲመጣ ማሳ ላይ ናቸው።