አንዲት ጣት ብቻ

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ፊቴን ሳሙና እንደቀባሁ ስልኬ ጮኸ። ሳሙና የገባበት ዓይን የደዋይ ስም አያነብም። ዝም ብዬ አነሳሁት።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? በጠዋቱ ይቅርታ። አንዲት ጣት ብቻ ላስቸግርዎ ነበር።»

የ4ኛ ፎቁ ልጅ ነው። አንዲት ጣት የሚለው ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን ቁልፍ ጫንልኝ ለማለት ነው። ጣቴ ግን ብቻዋን አትሄድም። ከጣቴ ጋር እጄ አለ፣ ከእጄ ጋር ወገቤ አለ፣ ከወገቤ በታች ደግሞ ዘንድሮ ቋ ቋ ማለት የጀመረው ግራ ጉልበቴ አለ። እኔ 1ኛ ፎቅ ነኝ። በመካከላችን 54 ደረጃ አለ። ቆጥሬዋለሁ። ሊፍት የሚባል ነገር ቱሉ ዲምቱ ያለው የኛ ብሎክ አያውቅም።

ልጁ የሕንፃ ንድፍ ሠሪ ነው። ቢሮው ቦሌ፣ ኮምፒውተሩ እዚህ። ኮምፒውተሩ ላፕቶፕ አይደለም፤ የበግ ግልገል የሚያክል ዴስክቶፕ ነው። ተሸክሞት ታክሲ አይሳፈርም። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ ያዘዋል። ድሮ ከሩቅ የሚያዝ ሰው ማውዙን ራሱ ነበር የሚጎትተው። አሁን እሱም ቀረ። ለሰው ሠራሽ አስተውሎቱ በስልኩ ይጽፍለታል፦ «የትናንቱን ንድፍ ክፈት፣ በፒዲኤፍ አውጣው፣ ለአለቃዬ ላክ።» ማሽኑ የስክሪኑን ፎቶ ያነሳል፣ ያየዋል፣ የቱ ጋ መጫን እንዳለበት ይገምታል፣ ጠቋሚውን ወስዶ ይጫናል። ከዚያ እንደገና ፎቶ። አንትሮፒክ የሚባለው ኩባንያ ክሎድ የተባለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን እንዲህ ስክሪን እያየ እንዲሠራ ያደረገው ጥቅምት 2017 ላይ ነው። ሌላው ኩባንያ ኦፕንኤአይም በዚያው ዓመት ጥር ላይ ኦፕሬተር ብሎ የራሱን ይዞ መጣ። ልጁ የሚያዘው የማንን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ለጉልበቴ ልዩነት የለውም።

መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ግን አይነሳም፤ ተኝቶ ይቀራል። ያኔ ማሽኑ ለልጁ መልእክት ይልክለታል። አንድ ቀን አሳይቶኛል፦ «ኮምፒውተሩ ምላሽ እየሰጠ አይደለም። በአቅራቢያው ያለ ሰው እንዲያስነሳው ይጠይቁ።»

በአቅራቢያው ያለ ሰው። እኔ ነኝ። 31 ዓመት የመንግሥት ሥራ ሠርቼ፣ ልጆች ድሬ፣ የእድር ገንዘብ ያዥ ሆኜ፣ በስተርጅና ያገኘሁት ማዕረግ ይኸው ነው። ሰው ሠራሽ ሲባል ሰው የሠራው ማለት ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው የሚያሠራ ማለት ኖሯል።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለውን ተረት እንዴት እወደው ነበር መሰላችሁ። እድር ስብሰባ ላይ መዋጮ ያላመጣ ሰው በተነሳ ቁጥር እሱን ሳልጠቅስ አልቀመጥም። አሁን ሳስበው ተረቱን የተረተው የቅርብ ጎረቤት አይመስለኝም። ሩቅ ያለው ሰው ነው። ለማን እንደሚሻል አይናገርማ! የሚሻለው ለሩቁ ነው። የቅርቡማ ደረጃ ላይ ነው።

የሩቅ ዘመድ ስል ደግሞ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። መቼ ረስቼው! የባለቤቴ የአጎት ልጅ ነው፣ አሜሪካ ነው ያለው። ከዓመታት በፊት ለገጣፎ ቤት ሠራ። «ሠራ» የምለው እሱ እንዲህ ስለሚል ነው። ሁለት ክረምት ጭቃ ውስጥ የቆምኩት እኔ ነኝ። ከቱሉ ዲምቱ ለገጣፎ በታክሲ ሄዳችሁ እዩት፤ ቁርስ በልታችሁ ትነሱና ስትደርሱ ምሳ ይርባችኋል። ማታ ማታ በኢሞ ይደውላል። «ካሜራውን ወደ ግራ። ትንሽ ወደ ላይ። እዚያ ጋ፣ እዚያ ጋ ያ ስንጥቅ ምንድን ነው?» የሸረሪት ድር ነበር። «ቀረብ አድርገው» ሲለኝ ቀረብ ስል፣ አዲስ በተሞላ አርማታ ውስጥ አንድ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። ጫማው እስካሁን አለኝ። ድንጋይ ሆኗል፤ በር ማስያዣ አድርጌዋለሁ።

በመጨረሻ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ፌሮው አንሷል።» አርማታ ውስጥ የተቀበረ ፌሮ ከአሜሪካ ሆኖ የሚታየው በምን ዓይን ነው? ቀጠለና «3 ኩንታል ሲሚንቶ ሒሳቡ አልገባኝም» አለ። 3 ኩንታል ሲሚንቶ የበላ ሰው ይኸን ጊዜ ሐውልት ሆኖ አደባባይ ይቆም ነበር። ይቅርታ ጠይቆኛል፣ በባለቤቴ በኩል። በተወካይ የተላከ ይቅርታ አልቀበልም። ኋላ ኪራይ የሚሰበስብለት ሌላ ሰው አገኘ። ያ ሰው አሁን መኪና ይነዳል። ብቻ ተዉት።

እንዲያው ከሩቅ ማዘዝ ለኛ አዲስ አይደለም ለማለት ነው። ቃሉ ራሱ የቆየ ነው፤ ልጁ ይህን በእሱ ፈንታ የሚሠራ ማሽን «ኤጀንት» ይለዋል፤ አባቶቻችን እንደራሴ ይሉት ነበር። ቃሉን ለሁለት ክፈሉት፤ እንደ እና ራሴ ነው። ምስለኔም አለ፤ ገዢው በሌለበት በእሱ ፈንታ የሚያዝ። ይህን ለልጁ ብነግረው ወደደው። ወዲያው ግን ምን አለኝ? «ሁሌ ልቀጥል ወይ እያለ ሲጨቀጭቀኝ፣ ሙሉ ፈቃድ ሰጥቼው ተገላገልኩ።»

ደነገጥኩ። ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ማለት እኮ በታሪካችን ቀልድ አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1909 አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ተባሉ። በ1923 የንጉሠ ነገሥቱን ዘውድ ደፉ። እሳቸው እንኳን 14 ዓመት ታግሰዋል። «ያንተው በደቂቃ ስንት ጊዜ ፎቶ ያነሳል?» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

መልሼ ፈቃድ እንዲያስጠይቀው ያደረግኩት እኔ ነኝ። ይህችን ውለታ አንድም ሰው አያውቅልኝም።

ስለ ደረጃው ሳማርርበት ደግሞ ሊያጽናናኝ ብሎ አንድ ታሪክ ነገረኝ። በ1991 እ.ኤ.አ. ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች ቡና ለመቅዳት ከሌላ ክፍል፣ ከሌላ ፎቅ ድረስ እየመጡ ማፍያውን ባዶ ሲያገኙት ይበሳጩ ነበር። ስለዚህ ካሜራ ገጠሙበት። ከየወንበራቸው ሆነው ቡና መኖር አለመኖሩን በኮምፒውተራቸው ያያሉ። በኋላ ኢንተርኔት ላይ ወጣና ዓለም ሁሉ የሰው ቡና ማፍያ ሲያይ ከረመ። ካሜራው የጠፋው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ያንን ከሠሩት አንዱ፣ ኩዌንቲን ስታፎርድ ፍሬዘር፣ ቆይቶ ቪኤንሲ የሚባለውን ኮምፒውተር ከሩቅ ማያና ማዘዣ ከሠሩት ሰዎች መካከል ነበር።

ልብ በሉልኝ። ደረጃ የሰለቸው ሰው ያመጣው ነገር ነው እኔን ደረጃ የሚያስወጣኝ።

ደግሞ ቡናን በካሜራ! እኛ ጋ ቡና ሲቆላ ብሎኩ ሁሉ ያውቃል። ሙቀጫው ሲወቀጥ የማይሰማ የለም። አቦል ላይ ያልደረሰ ቶና ላይ ይደርሳል፤ ለዚያም ያልታደለ በረካ አያመልጠውም። ይህ ልጅ ግን ብሎካችን ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አንድ ቀን ቤታችን ቡና ጠጥቶ አያውቅም። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ስትጠራው «ስብሰባ ላይ ነኝ እትዬ» ይላል፣ በጆሮው አንዳች ነገር ሰክቶ ደረጃውን እየወረደ። ባለፈው ዓመት ሆስፒታል 9 ቀን ስትተኛ አልሰማም። ከሁለት መቶ ሜትር ወዲያ ያለው ባለ ሱቅ ብርቱካን ይዞ ጠይቋታል። ይኼኛው በ5ኛው ቀን ደወለ። ልቤ ትንሽ ሞቅ አለ፤ ሰምቶ ነው ብዬ። «ጋሼ፣ አንዲት ጣት ብቻ» አለኝ። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ።

ይህን አሁንም ስጽፈው ያንገበግበኛል።

ወደ ቁልፉ ልምጣ። ልጁ ስለ ጥንቃቄው አውርቶ አይጠግብም። የይለፍ ቃል አለው። ከይለፍ ቃሉ በኋላ ስልኩ ላይ ኮድ ይመጣለታል። መስመሩም የተመሰጠረ ነው። ታቱ ኢሎነን የሚባል ፊንላንዳዊ በ1995 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲያቸው መረብ ላይ የይለፍ ቃል ሌባ ቢገባባቸው ተናዶ ኤስኤስኤች የሚባለውን የተመሰጠረ መስመር እንደሠራ በዝርዝር ያስረዳችኋል። የቤቱ ቁልፍ ግን በር ላይ ካለው አሮጌ ስኒከር ውስጥ ነው። በግራው እግር። (ይህን ሲያነብ ወደ ቀኙ ያዛውረዋል።) «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። እዚህ አጥሩን የናቀው ራሱ ባለቤቱ ነው።

ዛሬም ሳሙናዬን ታጥቤ ወጣሁ። ቡና እየተቆላ ነበር፤ ባለቤቴ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። ለምዳለች። 54ቱን ጨረስኩ። ከስኒከሩ ቁልፉን አወጣሁ፣ ከፈትኩ፣ ጣቴን አሳረፍኩ። ማራገቢያው አጓራ። ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ጠቋሚዋ ብቻዋን ተነሳች።

ማውዙን ማንም አልነካውም። እኔ እጄን አጣምሬ ነው የተቀመጥኩት። ጠቋሚዋ ትንሽ ሄደች፣ ቆመች። አየች። እንደገና ሄደች። ዓይኗ የደከመ እናት መርፌ ላይ ክር ስታስገባ አይታችኋል? እንደዚያ ነው። አንዴ ሳተች። መሳቷን አወቀችና ተመለሰች። መሀል ላይ «ማሻሻያ አለ፤ አሁን ይጫን ወይስ በኋላ?» የሚል ሳጥን ድንገት ተደነቀረባት። «በኋላ! በኋላ በይ!» ብዬ ብቻዬን ጮህኩ፣ እንደ ኳስ ተመልካች። በኋላ የሚለውን ተጫነች። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ከዚያ የልጁን ፎልደር ከፈተች። ውስጡ ሦስት ፋይል አለ። «የመጨረሻ»። «የመጨረሻ አዲስ»። «የመጨረሻ በቃ ይኼ ነው»። ጠቋሚዋ ደርቃ ቀረች። ስክሪኑ ጎን ባለችው መጻፊያ ላይ «ከሦስቱ የትኛውን ልላክ?» ብላ ጻፈች። ልጁ መልስ የለም። ታክሲ ውስጥ ነዋ።

ዝም ብዬ ከምጠብቅ አልኩና በአንዲት ጣቴ ፊደል እየለቀምኩ እዚያው መጻፊያ ላይ ጻፍኩላት፦ «መብራት ሲመጣ ይህ ኮምፒውተር ራሱ የሚነሳበት መላ የለም?»

አለ፣ አለችኝ። ትሕትናዋ ደግሞ! ባዮስ የሚባለው ቦታ ውስጥ፣ ኤሌክትሪክ ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ አብዛኞቹ ዴስክቶፖች ላይ ይገኛል። ከሩቅ ሆና ግን ልትነካው አትችልም። ባዮስ የሚከፈተው ዊንዶውስ ሳይነሳ ነው፤ እሷ የምትገባው ከተነሳ በኋላ ነው። ስለዚህ ኪቦርዱ ጋ የተቀመጠ ሰው ያስፈልጋል። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል።

ሁለት ዓመት! 54 ደረጃ! ጥቂት ደቂቃ!

ደወልኩ። «እ፣ ባዮሱን ነው ጋሼ?» አለኝ። «አውቀዋለሁ እኮ። ጊዜ አጥቼ ነው። ማታ አደርገዋለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እስቲ እዚያው ካሉ... ሦስተኛውን ፋይል ይንኩልኝ።»

ነካሁለት። ጠቋሚዋ አመሰገነችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ከሩቅ ስለሚያዝ ሰው ቁም ነገር ልናገር አስቤ ነበር። ፌሮው ይዞኝ ሄደ። እግሬም ደክሟል፤ ወርጄ ቡናው ካልደረሰ እንደገና ሳሎን ለሳሎን መንቆራጠጥ ነው። ስለዚህ የልጁ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ስልኬን አወጣሁና ወደ ታች ደወልኩ።

«ቡናው ፈልቷል?»

ባለቤቴ ትንሽ ዝም አለች።

«አንተ፣ ወርደህ አታየውም?»