በሩ በየት በኩል ነው?

ወገን ዛሬ ልተንፍስ፣ ካልተነፈስኩ ልፈነዳ ነው። ረጅም ነው፣ ጊዜ የሌለው ይለፈው፣ ስራ ላይ ያለ ለእረፍት ሰዓቱ ያቆየው።

ከጀርመን ወደ አውስትራሊያ ልንሄድ ነው። ባለቤቴ ነርስ ናት፣ ሜልበርን ስራ አገኘች፣ ወንድሟም እዛው ፉትስክሬይ አካባቢ ስንት አመቱ፣ ቪዛውም ወጣ፣ ሁሉ ነገር በእልልታ አለቀ ብለን ቁጭ ስንል ቮንቫገኑስ? አለችኝ። አይ ቮንቫገኑ። ያን ቀን አፌን ዘግቼ እንሸጠዋለን ብል ኖሮ ዛሬ እዚህ አልለፈልፍም ነበር።

ለማያውቅ፣ ቮንቫገን ማለት በመኪና የሚጎተት ቤት ነው፣ ካራቫን የሚባለው። ሐበሻና ካራቫን ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ፣ ስንቱ ብሎኛል። እናቴ ራሷ መጀመሪያ ጊዜ በስልክ "ካምፕ ልንወጣ ነው" ስላት "ምነው ልጄ ወረቀትህን ቀሙህ እንዴ?" ብላ ድንግጥ አለች። ለኛ ሰው ካምፕ ማለት ሃይም ነው፣ የስደተኛ መጠለያ፣ ሻወር በወረፋ። እውነቷን ነው፣ እኔም በ2015 ስመጣ ያስገቡኝ ኮንቴይነር ውስጥ ነበር፣ አራት ወንድ በአንድ ኮንቴይነር፣ ክረምት ላይ ግድግዳው በውስጥ በኩል ያልበዋል። ይሄን የኮንቴይነር ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በ2020 ኮሮና ሁሉን ነገር ሲዘጋው፣ አውሮፕላን የለ ሆቴል የለ፣ ጀርመን በሙሉ ካራቫን ፍለጋ ሲሯሯጥ እኛም ተሯሯጥን። ከሁለት ጡረተኛ ባልና ሚስት ላይ በ8 ሺህ ዩሮ ገዛን፣ የ2008 ስሪት፣ ንፁህ፣ ሰውየው ሲያስረክበኝ አይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፣ ያኔ ሳቅኩበት (ተከፈለኝ)። ጋርዳ ሐይቅ ወስደነዋል፣ ክሮኤሺያ ወስደነዋል፣ ሰሜን ባህር ዳር ንፋሱ ድንኳኑን ገንጥሎብናል። ቡና ስናፈላ ከእጣኑ ጭስ የተነሳ ጎረቤት የእሳት ማጥፊያ ይዞ መጥቶ ሶስተኛውን ጠጥቶ ሄዷል። ልጄ መጀመሪያ ቆማ የሄደችው እዛ ውስጥ ነው፣ የኩሽናውን መሳቢያ እጀታ ይዛ። ባለቤቴ ያንን ቡናማ የጀርመን መጋረጃ አውልቃ ከአገር ቤት የመጣ ባለጥለት ሸማ ሰፍታ ሰቀለችበት። ስለዚ "ሽጠህ እዛ ሌላ ግዛ፣ አውስትራሊያ ካራቫን እንደ ዶሮ ነው" የምትሉኝ ሰዎች፣ አውቃለሁ። ማወቅ አይደለም ችግሩ።

እሺ ወደ ብሶቱ። መጀመሪያ ያሰብኩት ቀላል ነው፣ ኮንቴይነር ውስጥ ከትቼ፣ ቆልፌ መላክ። ባለ 40 ጫማውን፣ ከፍ ያለውን አይነት ጠየቅኩ። የበሩ ከፍታ 2 ሜትር ከ58 ሳንቲም ገደማ ነው አሉኝ። ወጥቼ ለካሁ። የኛ ከጣሪያው ማስተንፈሻ ጋር 2 ሜትር ከ62። አራት ሳንቲም! በአራት ሳንቲም! ጎማውን ላስተንፍሰው አልኩ። የኮንቴይነሩ ሰውዬ በጎን በኩልስ አለኝ፣ የኮንቴይነሩ በር ስፋት 2.34 የኛ 2.30፣ በዚህም በዚያም ሁለት ሁለት ሳንቲም፣ ማነው ሳይፍቀው የሚያስገባው። ጎማውን ጭራሽ ባወልቀውስ ስለው ደግሞ "ታዲያ በምን ገፍተን እናስገባው?" አለኝ በጣም ተረጋግቶ፣ እንደዚህ አይነት ተረጋግቶ የሚመልስ ሰው እንዴት እንደሚያናድድ። እኔን አራት ወንድ ሆኜ የቻለኝ ኮንቴይነር ቤቴን አልችል አለ።

ከዛ ሮሮ የሚባል አለ ተባለ። ስሙ ራሱ ሮሮ ነው፣ በኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉልኝ። መርከቡ ሆዱ ክፍት ነው፣ መኪናው እየተነዳ ካራቫኑ እየተጎተተ ይገባል፣ እዛ ሲደርስ እንደዛው ይወጣል። ከብሬመርሃቨን ይነሳል፣ ያ የመኪና ባህር የሆነው ወደብ፣ አይን እስኪደክም መኪና የተደረደረበት። ጥሩ ነው አልኩ። ዋጋው ግን በክብደት አይደለም፣ ቦታ በያዘበት ልክ፣ በኪዩቢክ ሜትር ነው። ርዝመት በወርድ በቁመት ሲባዛ 44 ገደማ መጣ። ርዝመቱን ስትለካ ደሞ ከፊት ያለችው መጎተቻ ዘንግ ትቆጠራለች፣ 1 ሜትር ከ20፣ ቀጭን ብረት ናት፣ ከላይዋ አየር ብቻ ነው፣ እሱ አየር ግን በቁመቱና በወርዱ ልክ ይባዛና ከ7 ኪዩብ በላይ ሆኖ ይመጣል። እስከ ሜልበርን የአየር ጭነት ልከፍል! የጀርመን አየር!

በል ይሁን፣ ቢያንስ ውስጡን በዕቃ እሞላዋለሁ ብዬ ተፅናናሁ። መሶቡ፣ ድስቱ፣ ፍራሹ፣ የልጅቷ ብስክሌት፣ ሁሉን በልቤ ደርድሬ ጨርሻለሁ። አይቻልም። ባዶ መሆን አለበት፣ ጋዝ ሲሊንደሩም ይወጣል፣ ዕቃህን ለብቻ ላክ፣ ለብቻ ክፈል። ማለት ቤት ነው ብዬ የምልከውን እነሱ መኪና ነው ይሉኛል፣ መኪና ነው ስላቸው ሞተር የለውም ብለው ሌላ ፎርም ይሰጡኛል።

በነገራችን ላይ አንድ ነገር አስደስቶኝ ነበር። መርከቡ በስዊዝ ቦይ ወርዶ በቀይ ባህር ሲያልፍ ባብኤል መንደብ ላይ ካራቫኔ ከአሰብና ከጅቡቲ አጠገብ ያልፋል ብዬ፣ እኔ አገሬን ካየሁ ስንት አመቴ እሱ እንኳን በሩቁ ይሳለምልኝ ብዬ ለባለቤቴ ነግሬ ሁለታችንም ስንስቅ አመሸን። እሱም ቀረ። ከ2023 መጨረሻ የየመን ሃውቲዎች መርከብ መምታት ከጀመሩ ወዲህ ብዙው መርከብ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ነው የሚዞረው፣ የኛም በዛው ነው ተባለ፣ ጊዜውም ይረዝማል፣ ዋጋውም ያው።

እሺ ብዬ ቅድሚያ ክፍያ ከፈልኩ። ይሄን ልብ በሉ፣ ከፈልኩ። ከከፈልኩ በኋላ ምን መጣ? ነፍሳት።

አንድ ቡናማ፣ ጀርባው ጋሻ የመሰለ፣ ሲነኩት የሚገማ ነፍሳት አለ አሉ፣ መነሻው ምስራቅ እስያ ነው፣ አውሮፓም አሜሪካም ገብቷል፣ ብርድ ሲመጣ መኪና ውስጥ ካርቶን ውስጥ እየተሸጎጠ ይከርማል። አውስትራሊያ ፍራፍሬያችንን ይጨርስብናል ብላ እንደ ጠላት ጦር ነው የምትፈራው። ስለዚ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ ከጀርመን የሚጫን ተሽከርካሪ በሙሉ ከመነሳቱ በፊት ሙቀት ይገባል፣ በ56 ዲግሪ 30 ደቂቃ ወይ በ60 ዲግሪ 10 ደቂቃ፣ ካልሆነም በጋዝ ይታጠናል። እዛ ስደርስ አደርገዋለሁ አይባልም፣ ሮሮ ከሆነ እዚሁ ነው። የባለቤቴ ስራ የሚጀምረው ጃንዋሪ ነው፣ ቁጭ ብላችሁ አስሉት፣ የሚመቸን ወር በሙሉ የነፍሳቱ ወር ነው። እኔ ጀርመን ይሄን ሁሉ አመት ስኖር ይሄንን ነፍሳት አንድ ቀን በአይኔ አላየሁትም። መስኮቶቹ ፕላስቲክ ናቸው፣ ግድግዳው በሙጫ የተያያዘ ቀጭን እንጨት ነው፣ 60 ዲግሪ ሲገባ ምን እንደሚሆን ማንም ዋስትና አይሰጥም፣ በራስህ ሃላፊነት የሚል ወረቀት ብቻ ያስፈርሙሃል። እና ከፈልኩ። ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ያዝኩ።

ከከፈልኩ በኋላ ምን መጣ? አስቤስቶስ። አውስትራሊያ ከ2003 መጨረሻ ጀምራ ጭራሽ ከልክላለች፣ በጣም ጥሩ፣ ለጤና ነው፣ ካንሰር ነው፣ እኔም አልቃወምም። ግን ካራቫኑ የ2008 ነው፣ የተሰራው ጀርመን ነው፣ ጀርመን ደግሞ ራሷ በ1993 ከልክላለች። ይሄን ስነግራቸው "አዎ፣ ግን ማረጋገጫ ያስፈልጋል"። ፍሬኑ ውስጥ የለም? ማሞቂያው ጋስኬት ላይ የለም? ከየት ላምጣ ማረጋገጫ፣ ለፋብሪካው ፃፍኩ፣ ከሶስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፣ ስለ ፃፉልን እናመሰግናለን፣ ለአካባቢዎ ሻጭ ያመልክቱ። ሻጩ ጋ ስሄድ ለፋብሪካው ፃፍ አለኝ። ጀርመን ይሄ ነው፣ ወረቀት ወረቀትን ይወልዳል፣ ልጁ ግን አባቱን አያውቀውም።

ቀረጡን በአጭሩ ልለፈው ደሜ ከፍ እንዳይል። ትራንዚተሩ እንዳስረዳኝ ካራቫን እንደ ቤት ዕቃ አይታለፍም፣ 5 ፐርሰንት ቀረጥ አለው፣ ከዛ 10 ፐርሰንት የሽያጭ ታክስ፣ እሱም የሚሰላው በካራቫኑ ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፣ ቀረጡ ተደምሮ፣ የመርከቡ ሂሳብ ተደምሮ፣ ኢንሹራንሱ ተደምሮ ነው። ያ የጀርመን አየር ትዝ ይላችኋል? ለሱም ታክስ አለው።

ይሄን ሁሉ ችዬ ነበር እኮ። እውነቴን ነው፣ እልህ ያዘኝ፣ ከአምስት ወር ልፋት በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ሞት መሰለኝ። አንድ ማታ፣ ሌሊት 6 ሰዓት፣ እዛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፣ የባለቤቴ ወንድም ደወለ። የመግቢያ ፈቃዱን ፎርም እየረዳን ነበር፣ እሱ ሳይፈቀድ መርከብ ላይ ማውጣት ማለት ካራቫኑን እዛው ወደብ ላይ ማስቀበር ነው። ሰላምታ የለ ምን የለ፣

"ስማኝማ፣ ያ ቤታችሁ በሩ በየት በኩል ነው?"

"በየት በኩል ማለት?"

"በግራ ነው በቀኝ?"

"በቀኝ ነዋ፣ እዚህ ሁሉም በቀኝ ነው።"

ዝም አለ። እንደዛ ዝም ሲል ሰው የሞተ ነው የመሰለኝ። ጋራዥ ሄዶ ጠይቆ ነው። ለካ አውስትራሊያ መንዳት በግራ ስለሆነ የካራቫን በር በግራ ወይ በኋላ መሆን አለበት፣ ህግ ነው፣ መንገድ ዳር ቆመህ ስትወርድ መኪና መሃል እንዳትወርድ። የጀርመኑ ደግሞ በተመሳሳይ ምክንያት በቀኝ ነው። ስታስቡት ትክክል ነው፣ ህፃን ልጅ ሊገባው የሚችል ነገር ነው፣ እኔ ግን አላሰብኩትም፣ እሺ የኔ ስህተት ነው፣ እቀበላለሁ።

ግን! አምስት ወር ሙሉ ስንት ባለሙያ አናገርኩ! የመርከቡ ሰው፣ ሙቀት የሚያስገባው ሰው፣ ትራንዚተሩ፣ ኢንሹራንሱ፣ ሁሉም ፎቶ ላክ እያሉኝ ፎቶ ልኬያለሁ፣ ከአራቱም አቅጣጫ፣ በሩ ፎቶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ እኔ ራሴ በሩ ላይ ቆሜ አውራ ጣቴን አንስቼ የተነሳሁት አለ! ስራቸው እኮ ይሄ ነው፣ ወደ አውስትራሊያ መላክ። አንድ ሰው፣ አንድ፣ "ወንድሜ ገንዘብህን ሳታወጣ በሩን አይተኸዋል?" አይልም? ኋላ ለአንዱ ደውዬ ጮህኩበት፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "እኛ የምንሰራው እስከ ወደቡ ነው።" ሁሉም እስከ ወደቡ ነው። የነፍሳቱ ሰው እስከ ነፍሳቱ፣ የአስቤስቶሱ እስከ ወረቀቱ። ቅድሚያ ክፍያው የሚመለሰው ግማሹ ነው፣ እሱም "በ30 የስራ ቀን ውስጥ"።

በሩን ማዞር ይቻላል አሉ። የግራውን ግድግዳ ቀዶ በር ማውጣት፣ የቀኙን መድፈን። በግራ በኩል በሩ ፊት ለፊት ያለው ምንድነው? ኩሽናው። ምድጃው፣ የውሃ መስመሩ፣ ጋዙ፣ ያቺ ልጄ ይዛት የቆመችው መሳቢያ። የዋጋ ግምቱን ላኩልኝ፣ ካራቫኑን ከገዛሁበት ይበልጣል። ባለቤቴ አንብባ "ታዲያ ምኑን ነው የምንወስደው?" አለች። ትክክል ነበረች። ከዛ በኋላ ስለሱ አልተነጋገርንም።

ማስታወቂያ አወጣሁ። በሁለተኛው ቀን ሁለት ሆላንዳዊ ጡረተኞች መጡ፣ ሰውየው ጣሪያውን ያንኳኳል፣ ጎማውን ይረግጣል፣ ከስር ተንበርክኮ ያያል፣ ሴትዮዋ ውስጥ ገብታ ቆመችና አየሩን አሸተተች። "የሆነ ሽታ አለ" አለች፣ በክፋት አይደለም። በርበሬ ነው፣ ቡና ነው፣ እጣን ነው፣ አምስት በጋ ሙሉ ግድግዳው ውስጥ የገባ። 300 ዩሮ አስቀነሱኝ። ለሽታ! 44 ኪዩብ አየር በነፃ ሰጥቻቸው ጭራሽ እኔው ከፈልኩበት።

መጋረጃውን ሲያዩ ግን ወደዱት፣ ከነሱ ጋር ይሂድ አሉ። ባለቤቴ አንድ ቃል ሳትናገር ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጥታ አንድ በአንድ ፈታችው፣ እነሱ ቆመው እያዩዋት።

አሁን በረራችን ሐሙስ ነው። ሻንጣ በሰው 23 ኪሎ ነው የሚፈቀደው። የሷን መጋረጃውን ጨምሬ ሚዛን ላይ ሳወጣው 24 ከ800 አለ። ጀበናዋን እናውጣት አልኳት። ከትናንት ማታ ጀምሮ አላናገረችኝም።