በኪሳራ የሚስቅ ሥዕል ማንን አጋለጠ? ማንንስ ሸፈነ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ «ስለ ገንዘብ ቀውስ የተሣሉ የስላቅ ሥዕሎች የቀውሱን እውነት ከማንም በተሻለ ያሳያሉ።» አንዱ ደግፎ፣ አንዷ ተቃውማ ጽፈዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊው፦

ገበያ ሲያብድ ጤነኛ ሆኖ የሚቀረው ሰው ጥቂት ነው። ከነዚያ ጥቂቶች መካከል ሠዓሊ አይጠፋም ባይ ነኝ።

የለንደኑን የ1720 ጉድ እንየው። ሳውዝ ሲ የሚባል ኩባንያ ነበር፤ የደቡብ ባሕር ኩባንያ ማለት ነው። በ1711 የተቋቋመው የእንግሊዝን መንግሥት ዕዳ ወስዶ ወደ ራሱ አክሲዮን ለመለወጥ ነው። ሕዝቡ ጆሮ የሚደርሰው ወሬ ግን ሌላ ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ ንግድ ሀብት ሊዘንብ ነው ይባላል። በ1720 መጀመሪያ አንዱ አክሲዮን 128 ፓውንድ ገደማ ይሸጥ ነበር። በመንፈቁ 1000 ፓውንድ አካባቢ ገባ። ሰው መሬቱን አስያዘ፣ ተበደረ፣ ገዛ፣ የገዛውን መልሶ አስይዞ ሌላ ገዛ። ዓመቱ ሳያልቅ ዋጋው ወደ ተነሣበት ተመለሰ። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን የጣለው ብዙ ነው፤ አይዛክ ኒውተንን የሚያህል ሊቅ እንኳ ትልቅ ገንዘብ አጥቷል።

በቀጣዩ ዓመት ዊልያም ሆጋርዝ ስለዚሁ ጉድ አንድ ሥዕል ሠራ። ያኔ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ መዳብ ላይ እየፈለፈለ ሥዕል የሚያትም ወጣት ነው። መሀል ላይ ትልቅ መሽከርከሪያ ቆሟል፣ ልጆች በበዓል ቀን የሚሳፈሩበት ዓይነት። ቄሱም፣ ሴተኛ አዳሪዋም፣ መኳንንቱም፣ ጫማ ጠራጊውም ተሳፍረው ይዞራሉ። ሌላ ጥግ ላይ ዕድል ዓይኗ ታስሮ ተሰቅላለች፤ ሰይጣን በማጭድ ሥጋዋን እየቆረጠ ለሚጋፋው ሕዝብ ይወረውራል። ታች ሐቀኝነት መንኮራኩር ላይ ታስሮ አጥንቱ ይሰበራል። ክብር ይገረፋል። በስተቀኝ ደግሞ የ1666ቱን የለንደን ቃጠሎ ለማስታወስ የቆመው ሐውልት አለ፤ ሆጋርዝ ጽሑፉን ለውጦታል። ሐውልቱ የቆመው ከተማዋ በ1720 በሳውዝ ሲ ለመጥፋቷ መታሰቢያ ነው ይላል።

ከዚህ በላይ ምስክር ከየት ይመጣል? የሒሳብ መዝገብ ስንት ፓውንድ እንደጠፋ ይነግራችኋል። ቄሱ ከሴተኛ አዳሪዋ ጎን ተሳፍሮ ሲዞር ግን መዝገብ ላይ አታገኙትም። ያን ዓመት የሆነው ይህ ነው፤ ሁሉም ሰው ማንነቱን ጥሎ አንድ መሽከርከሪያ ላይ ወጣ።

ተቃዋሚዋ፦

ወንድሜ፣ ሥዕሉን በደንብ አይተኸዋል። ከሥሩ የተጻፈውን ግጥም ግን አለፍከው። ግጥሙ የለንደንን ውድቀት የሚያሳብበው በማን ነው? ሐቀኛ ሥራቸውን ጥለው የሰይጣንን ሱቅ በከበቡ ሰዎች ነው። በገዢው ማለት ነው። በተታለለው።

አታላዩስ? ሮበርት ናይት የኩባንያው ገንዘብ ያዥ ነበር። ምርመራው ሲጀመር ከአገር ኮበለለ፤ ለማን ምን ያህል አክሲዮን በጉቦ እንደተሰጠ የተጻፈበትን አረንጓዴ መዝገብም ይዞት ሄደ። ጆን አይዝላቢ የአገሪቱ ገንዘብ ሚኒስትር ነበር። በ1721 ከፓርላማ ተባርሮ ታወር በሚባለው እስር ቤት ገባ። ለሹማምንቱ ሳይከፍሉ በስማቸው አክሲዮን ይመዘገብላቸው ነበር፤ ዋጋው ሲወጣ ትርፉን ብቻ ይቀበላሉ። ይህን ያወጣው ማን ነው? ቁጭ ብሎ ሰው እየጠራ የጠየቀ፣ ወረቀት ያገላበጠ የፓርላማ ኮሚቴ ነው። አንተ የናቅከው የሒሳብ መዝገብ ነው ሌባውን ያስያዘው።

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ሲባል ሁላችንም የምንስቀው በሞኙ ነው። ሞፈሩን የቆረጠውን ሰው ስሙን እንኳ አንጠይቅም። የገንዘብ ስላቅ በብዛት የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ሳቁን ሁሉ ሞኙ ላይ ይጨርስና ለቆራጩ የሚተርፍ ቁጣ አይኖርም።

ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። ሕዝቡን ያማለለው የደቡብ አሜሪካ ንግድ ምን ነበር? ኩባንያው ከ1713 ጀምሮ ከስፔን ጋር በተደረገው ውል በየዓመቱ 4,800 አፍሪካውያንን በባርነት ወደ ስፔን ግዛቶች የማስገባት መብት ነበረው። በእጁ የነበረው ዋና ንግድ ይኸው ነው። ሰዎች በሰንሰለት ታስረው በመርከብ ይጫኑ ነበር። የዚያ ኩባንያ ወረቀት ነው ለንደን ላይ ሲሻሻጥ የከረመው። ሆጋርዝ ለቄሱ ቦታ አገኘ፣ ለሰይጣን ቦታ አገኘ፣ ለዕድል ቦታ አገኘ። ለእነዚያ ሰዎች ግን የለም። የቀውሱን እውነት ከማንም በተሻለ ያሳያል የተባለው ሥዕል የንግዱን ዋና ሰለባዎች አላያቸውም።

ሳቁ ታሪክን ሲያጣምም ማየት የፈለገ ደግሞ ሆላንድ ይሂድ። በ1636 እና 1637 የቱሊፕ አበባ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ የሚሸጠው ገና መሬት ውስጥ ያለው፣ ሽንኩርት የሚመስለው ሥሩ ነበር። በ1637 የካቲት ገበያው ቆመ። ታናሹ ያን ብሩገል በ1640 ገደማ የአበባ ነጋዴዎቹን ጦጣ አድርጎ ሣላቸው። ጦጣዎቹ ይዋዋላሉ፣ ገንዘብ ይቆጥራሉ፣ አንዱ ተይዞ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ አንዱ አበባው ላይ ይሸናል፣ የአንዱ ሬሳ ወደ መቃብር ይሄዳል። ደስ ይላል፣ ሥራው ድንቅ ነው። ግን እውነት ነው? አን ጎልድጋር የተባለች የታሪክ ምሁር የሆላንድ ከተሞችን መዛግብት አገላብጣ በ2007 ያሳተመችው መጽሐፍ አለ። አገር ምድሩ አላበደም ነው የምትለው። ተገበያዮቹ በአብዛኛው ደህና ኑሮ ያላቸው ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ናቸው፤ በቱሊፕ ምክንያት ከሰረ የሚባል ሰው ፈልጋ አላገኘችም። ሐርለም ከተማ በ1638 ገዢው ከተስማማበት ዋጋ 3.5 በመቶ ከፍሎ ውሉን እንዲያፈርስ ፈቀደች። ታዲያ አገር የጠፋበት ታሪክ ከየት መጣ? በወቅቱ ከታተሙ የፌዝ ጽሑፎች ነው። ቻርልስ ማኬይ የሚባል ደራሲ በ1841 እሱኑ አሳምሮ ጻፈው፤ ዓለም እስከ ዛሬ ያንኑ ይደግማል።

ደጋፊው፦

እህቴ፣ ስለ 4,800ዎቹ ያልሽው ትልቅ ነገር ነው፣ አልሟገትሽም። ግን ሆጋርዝና ብሩገል የስላቅ ጥግ አይደሉም። ስላቅ ሁልጊዜ በሞኙ ይስቃል ላልሽው መልስ አለኝ፤ መቶ ዓመት ወደፊት እንምጣ፣ እዚያው ለንደን።

በ1797 እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ነች። ፈረንሳዮች መጡ የሚል ወሬ ተነሣ፣ ሰው ወርቁን ሊያወጣ ባንክ ላይ ተረባረበ፣ የእንግሊዝ ባንክም በወርቅ መክፈል አቆመ። በምትኩ የ1 እና የ2 ፓውንድ ወረቀት አሳተመ። የስላቅ ሠዓሊው ጄምስ ጊልሬይ ወዲያው ባንኩን ከብር ኖት የተሰፋ ቀሚስ የለበሰች አሮጊት አድርጎ ሣላት፤ ሣጥኗ ላይ ተቀምጣ ትጮኻለች፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፒት እያቀፈ ኪሷን ይበረብራል። ባንኩ እስከ ዛሬ የትሬድኒድል ጎዳና አሮጊት ይባላል። ሥዕሉ ነው ስም ያወጣለት።

ቀጥሎ የመጣው ግን አያስቅም። ኖቱ ተራ ወረቀት ነበር፣ ማንም ያስመስለዋል። ፎርጅድ መሆኑን እያወቀ ኖት ያስተላለፈ፣ ቅጣቱ ስቅላት ሊሆን ይችላል። የሚሰቀሉት ደግሞ በአብዛኛው አንድ ፓውንድ ለመዘርዘር የሞከሩ ድሆች ናቸው። ሌላው የስላቅ ሠዓሊ ጆርጅ ክሩክሻንክ ለንደን ባለው ኒውጌት እስር ቤት አጠገብ ሲያልፍ በዚህ ወንጀል የተሰቀሉ ሴቶች አየ። ቤቱ ገባና በ1819 የራሱን የባንክ ኖት ሣለ። አቀራረቡ እንደ እውነተኛው ነው። ቀረብ ብለሽ ስታይው ግን መሀሉ ላይ ወንዶችና ሴቶች ተሰልፈው ተሰቅለዋል። የፓውንዱ ምልክት የተጠማዘዘ ገመድ ነው። የአገሪቱ ምልክት የሆነችው ብሪታንያ ልጅ ትበላለች። የባንኩ ኃላፊ የሚፈርምበት ቦታ የሰቃይ ስም ሰፍሯል። ዊልያም ሆን የሚባል አሳታሚ ሱቁ መስኮት ላይ ሰቀለው፤ ሰው ተሰብስቦ መንገዱ ተዘጋ።

ንገሪኝ፣ ይህ ሥዕል በየትኛው ሞኝ ይስቃል? ጣቱን ያነሣው በባንኩ ላይ ነው፣ በሕጉ ላይ ነው። የባንኩን የራሱን ወረቀት አንሥቶ የባንኩ ፊት ላይ ያዘው። ለተሰቀሉት ሰዎች ይህን ያህል የተናገረ የፓርላማ ሪፖርት አምጪልኝ።

ተቃዋሚዋ፦

ከጠቀስካቸው ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። እንዲያውም ለኔ ይመሰክራል። ክሩክሻንክ የተሳካለት የሞቱትን ሰዎች ሰው አድርጎ ስላያቸው ነው። ጦጣ አላደረጋቸውም፣ መሽከርከሪያ ላይ አላወጣቸውም። አካሄዱ ከሆጋርዝ ጋር ተቃራኒ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ስም ጠርተህ አንዱ ላይ ያገኘኸውን ክብር ለሌላው ማከፋፈል ግን አልቀበልህም።

ውጤቱንም በልክ እንየው። ክሩክሻንክ በስተርጅናው ያቺ ኖት ስቅላቱን አስቆመች ብሎ ጽፏል፤ ብዙ ሰውም እንደ ወረደ ይደግመዋል። ከሥዕሉ በፊት፣ በ1818፣ የለንደን ፍርድ ቤቶች ውስጥ ለዳኝነት የተቀመጡ ተራ ሰዎች በፎርጅድ ኖት የተከሰሱትን ጥፋተኛ አንልም ማለት ጀምረው ነበር። ባንኩ ወደ ወርቅ የተመለሰው በ1819 ሕግ ወጥቶ፣ በ1821 ነው። ለፎርጅድ የሞት ቅጣት ከሕጉ የወጣው ደግሞ በ1830ዎቹ ነው። ሥዕሉ አልረዳም አልልም። ቀድመው እምቢ ያሉትን ሰዎች ስም የሚያነሣ ግን የለም፣ ሠዓሊውን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ይህ ያናድደኛል።

ደጋፊው፦

እምቢ ያሉት ሰዎች ክብር ይገባቸዋል። ግን አንድ ሰው የፍርድ ቤቱ ወንበር ላይ ያየውን ሱቅ ደጃፍ ለቆመው ሕዝብ ማን ያደርስለታል?

ሌላም ልጨምር፤ ሜክሲኮአዊው ሠዓሊ ዲዬጎ ሪቬራ፣ ኒው ዮርክ፣ 1931። አሜሪካ በትልቁ ቀውስ ተመታለች። ሪቬራ በከተማው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ላሳየው ኤግዚቢሽን «የታሰረ ሀብት» ልንለው የምንችል የግድግዳ ሥዕል ሠራ። ላይኛው ክፍል ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ነው። መሀሉ አንድ ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ሥራ አጥ ሰዎች ረድፍ ረድፍ ሆነው መሬት ላይ ተኝተዋል፣ ጠባቂ ቆሞባቸዋል። ከሥር ከመሬት በታች የባንክ ካዝና አለ፤ ሀብታሞች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ንብረታቸውን ለማየት ተራ ይጠብቃሉ። ከላይ እስከ ታች አንድ ቁራጭ ከተማ ነው። እዚያ ውስጥ የሚሳቅበት ሞኝ የለም፣ ግን መራራ ስላቅ ነው፤ ያውም ባለጸጋው የሮክፌለር ቤተሰብ እጁ ባለበት ሙዚየም ውስጥ የተሰቀለ። ይህንንም ከሆጋርዝ ልትለዪው ነው?

ተቃዋሚዋ፦

አዎ፣ እለየዋለሁ። ሪቬራ ገንዘቡ የት እንዳለ አሳየ፤ ካዝናውን ከፍቶ ከተኙት ሰዎች ሥር አስቀመጠው። ሆጋርዝ ሥዕሉን ሞልቶት ሳለ ገንዘቡ የት እንደገባ አይነግርህም። ይህ ለኔ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ሥዕሎቹ ይቃጠሉ ያልኩ እንዳይመስልህ። ይታዩ። እኔ የምጠይቀው ሆጋርዝን በመማሪያ መጽሐፍ የሚያትም ሰው እነዚያን 4,800 ሰዎች እዚያው ገጽ ላይ እንዲጽፍልኝ ነው፤ በሌላ ምዕራፍ አይደለም፣ በግርጌም አይደለም፣ ከሥዕሉ ጎን። የብሩገልን ጦጣዎች የሚያሳይ መምህርም ተማሪዎቹ ስቀው ሳይጨርሱ የሐርለምን ውሳኔ ይንገራቸው።