ከጸሎት ቤቱ ጎን የጠፉት የቆርቆሮ ቤቶች

በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች፣ ላምብ ሆልም ላይ ያለውን የጣሊያን ጸሎት ቤት ያላደነቀ ጎብኚ የለም። ከ1943 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሠዓሊው ዶሜኒኮ ኪዮኬቲና አብረውት የታሰሩ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያናውያን ምርኮኞች ሁለት የኒሰን ቤቶችን ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ሠሩት። ኒሰን ማለት በሲሚንቶ ወለል ላይ ከዳር እስከ ዳር የጎበጠ ቆርቆሮ ነው፤ ጣሪያና ግድግዳው አንድ ነው። ውስጡን በጂፕሰም ቦርድ አልብሰው ጡብና የተጠረበ ድንጋይ አስመስለው ቀቡት። ከሥጋ ጣሳ መብራት ማንጠልጠያ ሠሩ። በግቢው የቆመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሐውልት ውስጡ እሾሃማ ሽቦ፣ ላዩ ሲሚንቶ ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ጸሎት ቤቱና ሐውልቱ ቀርተው ሌላው ካምፕ ፈረሰ። የሚቆጨኝ ይህ ነው። እነዚህ ሰዎች ወደ ኦርክኒ የመጡት ሲሚንቶ ለማቡካት ነበር። በጥቅምት 1939 የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በኦርክኒ ወዳለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ወደብ፣ ስካፓ ፍሎው፣ ገብቶ ሮያል ኦክ የተባለውን የጦር መርከብ ስላሰጠመ፣ እንግሊዞች በምሥራቅ በኩል ያሉትን የባሕር መግቢያዎች በግድብ መዝጋት ጀመሩ። ምርኮኞቹ «የ1929ኙ የጄኔቫ ስምምነት ለጦርነት የሚውል ሥራ ይከለክላል» ብለው ሥራ አቆሙ፤ ግድቡ ለደሴቶቹ ነዋሪ መንገድ እንደሚሆን ከተነገራቸው በኋላ ተመለሱ። ይህን ክርክር የሚያስታውስ አንድ መኝታ ቤት እንኳ አልተረፈም።

(ለእኛ አንባቢ፦ እነዚህ በሰሜን አፍሪካ የተማረኩ ናቸው። በ1941 በአገራችን ከተማረኩት ብዙዎቹ ወደ ኬንያ፣ ደቡብ አፍሪካና ሕንድ ተልከዋል። አምባ አላጌ ላይ እጁን የሰጠው የምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን እንደራሴ፣ የአኦስታው መስፍንም በ1942 ናይሮቢ ውስጥ በምርኮ ላይ እንዳለ ሞቷል።)

በብሪታንያ ገጠር ማደሪያዎችን ጨምሮ ከ1,000 በላይ የምርኮኛ ሥፍራዎች ነበሩ። በ1946 የጀርመን ምርኮኞች ብቻ ከ400,000 አልፈው ነበር፤ ድንች ለቅመዋል፣ ቦይ ቆፍረዋል፣ የመጨረሻዎቹ የተመለሱት በ1948 ነው። ዛሬ የሚወራው በአብዛኛው ከገበሬ ቤተሰብ ጋር ስለተመሠረተው ወዳጅነት ነው። እውነት ነው፤ ግን ካልቲብራገንስ? በፐርዝሽር፣ ኮምሪ መንደር አጠገብ ባለው በዚህ 21ኛ ካምፕ፣ በታኅሣሥ 1944 ቮልፍጋንግ ሮስተርግ የተባለውን ጀርመናዊ ምርኮኛ የገዛ ጓደኞቹ «ከዳተኛ ነህ» ብለው ደብድበው ሰቀሉት። አምስቱ በጥቅምት 1945 ለንደን ውስጥ በስቅላት ተቀጡ። ይህ ታሪክ ከወዳጅነቱ ታሪክ እኩል መነገር አለበት።

የካልቲብራገን ቤቶች እስካሁን የቆሙት ሰው ስለሚጠቀምባቸው ነው። በ2007 የኮምሪ ነዋሪዎች ካምፑን በ350,000 ፓውንድ ገዝተው ቤቶቹን ለሥራና ለእንግዳ ማረፊያ ያከራያሉ። ሰው ያለበት ቤት ጣሪያው ባፈሰሰ በሳምንቱ ይታወቃል፤ የተዘጋ ቤት ግን የሚታየው ሲወድቅ ነው።

ኒሰን የሚሞተው ከሥሩ ነው። ቆርቆሮው ወለሉን በሚነካበት ቦታ አፈርና ቅጠል ይከመራል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ዝገት ይበላዋል። ስለዚህ ከቀለም በፊት አፈሩ ይነሣ፣ የውኃ መውረጃ ይቆፈር። ቀጥሎ ዝገቱ በብሩሽ ተፍቆ አንቲረስት ይቀባ፤ ሙሉውን ቆርቆሮ ከመቀየር የበሰበሰውን የታችኛውን ክፍል ብቻ መተካት ይሻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሙቀት ፍለጋ ውስጡን በአዲስ ቦርድ ግጥም አድርጎ ሲዘጋ ነው፦ አየር ስለማይዘዋወር ከቆርቆሮው ጀርባ ጤዛ ይጠራቀማል፣ ዝገቱም ከማይታይ በኩል ይጀምራል። አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) ያለበት ሰሌዳ ባለሙያ ሳያየው አይበሳ፣ አይሰበር።

ምርኮኞች የሳሉበት ግድግዳ ካለ ደግሞ ክፍሉን በአንድ ጊዜ ማሞቅ አደጋ አለው። ግድግዳው በፍጥነት ሲደርቅ በውስጡ ያለው ጨው ወደ ላይ ወጥቶ ሥዕሉን ይልጠዋል። በእንግሊዝ፣ በዳራም አውራጃ ያለው ሃርፐርሊ ካምፕ፣ ምርኮኞች የሠሩት የቴአትር መድረክ ያለበት፣ በ2002 በሕግ ተጠብቋል፤ ሆኖም መዝገብ ላይ መስፈር ብቻውን ጣሪያ አይጠግንም፣ ዓመታዊ የጥገና በጀት ያስፈልጋል።

ማዳን የማይቻለው ቤት ከመፍረሱ በፊት የካምፑ ፕላን ይለካ፣ በሲሚንቶው ላይ የተጫሩ ስሞችና ቀኖች ፎቶ ይነሡ፣ ወለሉም በቦታው ይቅር። የወለሎቹ አቀማመጥ ካለ የትኛው መኝታ፣ የትኛው ወጥ ቤት፣ የጠባቂዎቹ ግቢም የት እንደነበር ማወቅ ይቻላል።