ደረሰኝ የሌለው ወገብ

እኛ ወሎዎች ህመም እናከብራለን፤ ሁሉንም ግን አይደለም። በእርሻ የመጣ የወገብ ህመም ክቡር ነው፤ ኩንታል ሲያወርድ ወገቡን የተያዘ ሰው ሲመጣ ከመደባችን ተነስተን እናስቀምጠዋለን፣ ቅቤ ይቀለጥለታል፣ ወጌሻ ይጠራለታል። በጨዋታ የመጣ ህመም ግን ደረሰኝ ይጠየቃል።

ከአሜሪካ ለእረፍት ደሴ የመጣው ዘመዳችን ወገቡን ይዞ ከባጃጅ ወረደ። «ምን ነካህ የኔ ጌታ?» ሲባል፣ «ጎልፍ» አለ።

በርጫው ላይ ምርመራውን የከፈቱት ሐጂ ናቸው።

«ኳሱ ከባድ ነው እንዴ ልጄ?»

«ኧረ አይደለም ሐጂ! ከ46 ግራም አይበልጥም።»

«ከእንቁላል ይቀላላ! ታዲያ የሚገፋህ፣ የሚጠልፍህ አለ?»

«የለም።»

«ሩጫስ?»

«በመኪና ነው የምንዞረው።»

ቤቱ ዝም አለ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ ሩር ሲያሳድድ ቅልጥሙን የተመታ ሰው፣ ማንም ሳይነካው በመኪና እየዞረ የተጎዳን ሰው በምን ዓይኑ ይየው?

እንግዳችን ግን ነገሩን አስረዳ። ዱላው ወደ ኋላ ተነስቶ ሲለቀቅ መዞር ያለበት ዳሌና የላይኛው ጀርባ ነው። ዳሌ የደረቀ እንደሆነ ሥራው ለታችኛው ወገብ ይተርፋል፤ እሱ ደግሞ መታጠፍ እንጂ መዞር ብዙም አይሆንለትም። በዚያ ላይ ምቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ነው። ጎልፈኛን ከሁሉ በላይ ወገቡን የሚያመው ለዚህ ነው።

አብረውት የሚጫወቱት «አረጀ» እንዳይሉት ማስታገሻ እየዋጠ ተጫወተ። ለወገቡ ሲሳሳ አመታቱ ተበላሸ፤ የጎደለውን በክንዱ ጉልበት ልሙላ ሲል የክርኑ የውስጥ ጅማት ታመመ። ወገቡን ደበቀ፣ ክርኑ አሳበቀበት። ዝነኛውን ጎልፈኛ ታይገር ዉድስንም ጠቀሰላቸው፦ እ.ኤ.አ. በ2017 የታችኛው ወገቡ አጥንት በቀዶ ሕክምና ተገጣጥሞለት በ2019 ማስተርስ የተባለውን ትልቅ የጎልፍ ውድድር አሸነፈ።

«ተገጣጠመ ስትል ተበየደ?»

«እንደዚያ በሉት።»

«ለብየዳማ ደሴ ይምጣ፣ ጋራዥ ሞልቶ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔን የገረመኝ ግን የሳቂዎቹ አነሳስ ነው። ከምሳ በኋላ በክርናቸው ፍራሽ ላይ የተደገፉ ሰዎች መግሪብ ሲደርስ አንዱ ግድግዳ ይይዛል፣ አንዱ የጎረቤቱን ትከሻ፤ «ያ አላህ!» ብለው በሦስት ደረጃ ይቆማሉ። የዚህ ሁሉ ዳሌ ከጎልፈኛው ዳሌ በምን ይሻላል? ሲጠየቁ ግን «ብርድ ነው» ይላሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ናትና ብርዷ የሁላችንንም ጥፋት ተሸክሞ ይኖራል። ለብርድ ፌጦ ይጠጣል፣ ሲብስ ቦርከና ፍል ውሃ ይወረዳል። ፍል ውሃው ጡንቻ ያላላል፣ አልክድም፤ ሰውየው ታጥቦ ሲመለስ የሚቀመጠው ግን እዚያው ፍራሽ ላይ ነው። እግር መደንዘዝ ወይም መዛል ሲጀምርማ ነገሩ ከፌጦ አልፏል፣ ሐኪም ቤት ነው። እኛ ግን መጀመሪያ ጎረቤቱን ሁሉ እናማክራለን፤ ከጎረቤቱ ደግሞ መድኃኒት የማያዝ የለም።

በማግስቱ እንግዳችን ሐኪሙ ያዘዘለትን እንቅስቃሴ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ አሳየን፤ አንዱን ጉልበት ወደ ደረት መሳብ፣ ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ ከዚያ ሌላውን። ሐጂ «ይቺማ ምን አላት» ብለው ጋቢያቸውን አውልቀው ተጋደሙ። ጉልበታቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንቢ አለ። ለሁለት ደግፈን አነሳናቸው።

ሐጂ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ እንግዳው ዞሩ። «እኔ እምልህ ልጄ፣» አሉ፣ «ይሄ ጨዋታ ቁጭ ብለው የሚጫወቱት ዓይነት የለውም?»