ጦሳ መግቢያ አያስከፍልም

የደሴ ሰው ስለ ከተማው ሁለት ሐሳብ አለው። እንግዳ መጥቶ «እዚህ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ሲለው «ኧረ ምን አለ ብለህ፣ ጉምና ዳገት ነው» ብሎ ይመልሳል። እንግዳው አምኖት «እውነትም ምንም የለም» ካለ ግን አለቀለት። የጦሳ ተራራን፣ አዝዋ ገደልን፣ አይጠየፍ አዳራሽን፣ ንጉሥ ሚካኤልን፣ ቦሩ ሜዳንና ሐይቅ እስጢፋኖስን ሳይተነፍስ ይዘረዝርለታል። «አንተ ጦሳ ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ ወሬው ወደ ጉልበት ሕመም ይዞራል።

እኛ ጦሳን የምናየው የዝናብ ነገር ለማጣራት ነው። ጠዋት ከበር ወጥተን ወደ ምዕራብ ቀና እንላለን። አናቱ ጉም ከለበሰ ጃንጥላ እንይዛለን። ካልለበሰም እንይዛለን። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጦ ሰማይን የሚያምን የለም።

የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ «ተራራ አውጣው» ያለችኝ ባለቤቴ ናት። ሥጋ ቤት ከመውሰድ ይረክሳል ብላ አስባ ነው። ሒሳቧ ትክክል ይመስላል። ጦሳ ትኬት የለውም። አዝዋ ገደል ዘበኛ የለውም። ጉሙም ቢሆን እስካሁን ግብር አልተጣለበትም። በዚህ ኑሮ ውድነት ዓይንን በነጻ ማዝናናት የመሰለ ነገር የት ይገኛል? ችግሩ እዚህ አገር ተራራው ነጻ ነው፣ ሰው ግን ነጻ አይደለም። የይሉኝታን ሒሳብ የማይከፍል ሰው ከቤቱ ባይወጣ ይሻለዋል።

ገና ከሰፈር ሳንወጣ ተጠየቅን።

«ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«ወደ ላይ።»

«በሰላም? ለቅሶ አለ እንዴ?»

እኛ ዘንድ ሰው ተሰብስቦ ዳገት የሚወጣው ወይ ለለቅሶ፣ ወይ ለሰርግ፣ ወይ ለሰደቃ ነው። ዝም ብሎ መሄድ ያጠራጥራል። «ተራራ ልናይ ነው» ስንላቸው ሰውዬው ወደ ጦሳ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ እኛን አዩን። «ከዚህስ ይታይ የለም እንዴ?» አሉ። መልስ አልነበረንም። በእርግጥ ከዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እንግዳዬ የእግር ጉዞ ልብስ ከነጫማው ገዝቶ መጥቷል። የውሃ መያዣው ብቻ የእኔን የወር አስቤዛ የሚሸፍን ይመስላል። አጠገባችን አንዲት ልጅ እንጨት ተሸክማ በነጠላ ጫማ ቁልቁል እየሮጠች ታልፋለች። እሱ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ሰዓቱ የልብ ምቱን ይነግረዋል። «መቶ ሰባ ገባ!» አለኝ። እኔ የልቤን ምት ሳልጠየቅ አውቀዋለሁ፣ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ቤት አለ። በር ላይ ያሉት እናት አያውቁንም፣ እኛም አናውቃቸውም። «ኑ እንጂ፣ ቡና ሊወርድ ነው» አሉን።

«እማማ፣ እግዜር ይስጥልን፣ እንቸኩላለን።»

«ለምኑ ነው የምትቸኩሉት? ተራራው ይሄድባችኋል?»

ወሎ ውስጥ የቡና ግብዣ እምቢ ያለ ሰው የሚያመጣው መዘዝ ቀላል አይደለም። «ንቀውኝ ነው» ይባላል። ገባን። ዕጣኑ ጨሰ፣ ቆሎው ቀረበ። አቦሉ ጠጥተን ልንነሣ ስንል «በአንድ እግር ልትሄዱ?» ተባልን። ቶናውን ጠጣን። በረካውን ሳይጠጡ መውጣት ደግሞ ምርቃት ትቶ መሄድ ነው። መካከል ላይ ጎረቤት ገባች፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ተጠየቅሁ፣ ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ ሄድን፣ በእናቴ በኩል ዘመድ ሆነን ተገኘን። ስንወጣ አዝዋ ገደል በጉም ተውጧል። እንግዳዬ ሊያለቅስ ደርሷል። «አብሽር ልጄ» አሉት፣ «ጉሙ ነው የሚሄደው፣ ገደሉ የትም አይሄድ።»

አሁን በባዶ እጅ የጠጣነው ቡና ዕዳ ሆኖብኛል። በሚቀጥለው ስመጣ ስኳር መያዝ አለብኝ። ነጻው ተራራ ያን ጊዜ ማስከፈል ጀመረ።

ደግነቱ ጉሙ ተነሣ፣ ደረስን። ደሴ ከላይ ስትታይ ታምራለች፣ ይህን ያለ አድልዎ ነው የምለው። በጦሳና በአዝዋ ገደል መሐል ቁመቷን ዘርግታ ተኝታለች። ወደ ጎን መስፋት አልቻለችም፣ ተራሮቹ አልፈቀዱላትም። ቦርከና መሐሏን አቋርጦ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ ያየው እንግዳዬ ነው። እኛ የደሴ ልጆች እዚያ ስንደርስ የምናየው ሌላ ነው። «የኛ ቤት የታለ?» እንላለን። ተራራው ላይ ያገኘናቸው ሰዎች በሙሉ ጣት ቀስረው ቆርቆሮ ይቆጥራሉ። «ያ መስጊዱ ነው፣ ሸዋ በር። ከእሱ ወዲህ ና። ዛፉ አለ? ከዛፉ ቀጥሎ ዝገቱ የበዛው ነው።» ባለቤቱ ዝገት ሲባል ይከፋዋል። «ዝገት አይደለም፣ ጥላ ነው» ይላል።

ከዚያ የሰው ቤት ይጀመራል። ታች ሆነን ሁላችንም በአጥር ተሸሽገን ነው የምንኖረው። የግቢያችን በር ዓመት ሙሉ እንደተዘጋ ነው። ከላይ ሲታይ ግን አጥር የሚባል ነገር የለም። እንግዳዬ ስልኩ ላይ የሚያቀርብ ካሜራ አለው። ስልኩ ከእጅ እጅ ዞረ። አንዱ ጎረቤቱ በድብቅ ሁለት ክፍል ሰርቪስ እንደጨመረ አወቀ። ሌላው «ቆርቆሮ አልቆብኝ ነው» ብሎ ለዕድሩ ድንኳን ማስቀመጫ አላዋጣም ያለ ሰው ዶሮ ቤቱን በአዲስ ቆርቆሮ እንደከደነ አየ። ሌላዋ ስልኳን አውጥታ ደወለች፦ «ሰላም ነው? ልብሱ ገመድ ላይ ነው ያለው፣ ዝናብ እየመጣ ነው፣ አስገቢው!» ከወዲያ ማዶ ያለችው ልጅ ምን እንዳለች አልሰማንም፣ መልሱ ግን «የት ሆኜ እንዳየሁሽ አይመለከትሽም» የሚል ነበር።

ከቆርቆሮው ቀና ብሎ ከከተማው ማዶ ያለውን ያን ሁሉ ገደል ያየ የደሴ ልጅ አላጋጠመኝም።

ነጻ የሆነው ሁለተኛው መዝናኛ የማታ ወክ ነው። ከፒያሳ ተነሥቶ ቀስ እያሉ መሄድ። ይህ ከጦሳ ይከብዳል። ደሴ ውስጥ ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ወንጀል ነው። ትከሻ ይገጫል፣ ቤተሰብ በየስሙ ይጠየቃል፣ የታመመው ዳነ ወይ፣ የተፈተነው አለፈ ወይ ይባላል። ጥቂት እርምጃ እንደሄድን ሌላ ሰው። እንግዳዬ አንድ ሰው ሳያየው አልፎት ነበር፣ በማግስቱ ጠዋት ቅሬታው እኔ ቤት ደረሰ። «እንግዳህ ኩራተኛ ነው አሉ።» ሰውየው የሰማው ከማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም።

ቦሩ ሜዳም ሄደናል። ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩበት ሜዳ ነው። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ነፋሻ ነው። እኛ ግን ምንጣፉ ፀሐይ ላይ ይነጠፍ ወይስ ጥላ ሥር በሚለው ተከራክረን ሳንስማማ መሸ።

ኮምቦልቻን በአጭሩ ልለፈው። ሐረጎን ጠመዝማዛውን ወርደህ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስትል ሹራብ ታወልቃለህ። የኮምቦልቻ ሰው «እናንተ እንዴት ነው በዚያ ብርድ የምትኖሩት?» ብሎ ያዝንልሃል። አንተም በወበቁ ታዝንለታለህ። መተዛዘኑም ነጻ ነው።

ትልቁ ወጪ ሐይቅ ላይ ነው፣ ስሙም ሐይቅ ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሐይቁን ማየት አይከፈልበትም። ከበላዩ አርዲቦ ሐይቅ አለ፣ የሱ ውሃ በአንከርካ ወንዝ ወርዶ እዚህ ይገባል። ከሐይቅ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። እንደ ዕቁባችን ሰብሳቢ ኪስ ነው፣ ይገባል እንጂ አይወጣም።

ቤተሰቡ ሁሉ ተከትሎን ነበር። እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ታላቅ ቦታ ነው። ሴት ስለማይገባበት ወንዶቹ ገባን፣ ሴቶቹ ውጭ ቀሩ። ስንመለስ ባለቤቴ «ምን አያችሁ?» አለች። ያ ሁሉ ታሪክ፣ ያ ሁሉ ብራና ያለበት ቦታ ነው። የአክስቴ ልጅ አሰበ፣ አሰበና «ደስ ይላል» አለ። እሷ በዚያች ሰዓት ውስጥ ሦስት ሴቶች ተዋውቃ፣ የአንዷን የፍርድ ቤት ጉዳይ እስከ ይግባኙ አውቃ ጠበቀችን።

ከዚያ ዓሣ ሸተተ። ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ዓሣ ሳይበሉ መነሣት ለእኛ ነውር ነው። ቆሮሶው ራሱ የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፣ ሰው አምጥቶ የጨመረው ነው። እሱም እንግዳ ሆኖ መጥቶ ተባዝቶ የቀረ ነው ማለት ነው። አንድ ትሪ ታዘዘ። አልበቃም፣ ተደገመ። ሹፌሩ ተጠራ። እዚያው ያገኘነው የሩቅ ዘመድ ከነጓደኞቹ ተቀመጠ። ሒሳብ ሲመጣ እጅ ከእጅ ጋር ተያያዘ።

«እኔ ነኝ የምከፍለው!»

«ወላሂ አትከፍልም!»

«እንግዳ ይከፍላል እንዴ? ምን ነክቶህ ነው?»

እንግዳዬ ከልቡ አልታገለም። ሁለቴ ብቻ ኪሱን ነካ አድርጎ ተሸነፈ። ያ የሩቅ ዘመድ ከሁላችን በላይ ጮኸ፣ ማለ፣ ተገዘተ፤ ቦርሳውን ለማውጣት ግን ጊዜ አላገኘም። ያን ቀን የከፈልኩት ብር ሥጋ ቤት ሁለት ጊዜ ያስገባኝ ነበር። ባለቤቴ ይህን አሁን ድረስ አትክድም።

እንግዳዬ በሰላም ተመለሰ። ማታውኑ ፎቶዎቹን ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። ጦሳ አለ፣ ሐይቅ አለ፣ ዓሣውም አለ። ከላይ «ደሴና አካባቢዋ፤ ሁሉም በነጻ!» ብሎ ጽፏል። ሳምንት ሳይሞላ አክስቴ ደወሉ።

«ልጄ፣ እዚያ ሁሉ ነገር ነጻ ነው አለኝ እኮ። የልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን እናንተ ጋ ልናሳልፍ ነው። ፍራሽ ስንት አላችሁ?»

ድምፁ ጎላ ብሎ ስለነበር ባለቤቴ ሰምታለች። ጆሮዬ ሥር መጥታ «ክረምት በጉም ነው የሚያልፈው፣ ምንም የሚታይ የለም በላቸው» አለችኝ። አልኳቸው።

«ምን ቸገረን ታዲያ» አሉ አክስቴ፣ «ቤት ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣለን።»